ምላሳቸው የታሰረው ሙደሪስ



የዛሬው ማስታወሻችን ስለ አንድ አስተማሪ ነው። ስማቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ፣ አላህ ይዘንላቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት በኪታቦቻቸው ነው። «ኢሕያእ»ን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ሰምቷል። ዛሬ ግን ኪታቦቹን ትንሽ ቆየት እናድርጋቸውና ኢማሙን በየቀኑ ተማሪ ፊት እንደሚቀመጥ ሰው እንያቸው። በ38 ዓመታቸው፣ በዘመኑ እጅግ በተከበረ የማስተማሪያ ወንበር ላይ ሳሉ፣ አንድ ቀን ደርስ ሊሰጡ ተቀምጠው ቃል አልወጣ ብሏቸዋልና።

ከእናንተ መካከል መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት የምትውሉ፣ ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ልጆች የምታስቀሩ፣ ማታ ደግሞ በስልክ ደርስ የምትሰጡ አላችሁ። ድካሙ ሲበረታ የምትሰሙት ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሰብር አድርጉ። ምክሩ ልክ ነው። ግን ሰብር ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን እስኪወድቁ ድረስ ጥርስን ነክሶ መቆም ነው። የኢማሙ ሕይወት ሌላ ነገር ያሳየናል።

ሙሐመድ የተወለዱት በ450 ዓመተ ሂጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በኹራሳን፣ ጡስ በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን፣ መሽሀድ አጠገብ ማለት ነው። አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚተዳደሩ ድኻ እንደነበሩ ይተረካል። ሞት ሲቃረብ ሁለቱን ወንድ ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ከጥቂት ገንዘብ ጋር ለአንድ ሷሊሕ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ገንዘቡ አለቀ። ሰውዬውም የሌለው ነበርና ልጆቹን ቁጭ አድርጎ እውነቱን ነገራቸው፤ ተማሪ የሚቀለብበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። ሁለቱ የቲሞች ወደ ዒልም የገቡት እንግዲህ በእንጀራ በኩል ነው። ኢማሙ ኋላ ይህን ሲያስታውሱ፣ ዒልምን ለሌላ ነገር ብለው እንደጀመሩት፣ ዒልሙ ግን ለአላህ ካልሆነ በጄ እንዳላለ ይናገሩ ነበር ይባላል። ከቤተሰቡ ርቆ፣ በመንደር ሰው እንጀራ ኪታብ የቀራ የወሎ ደረሳ ይህን ታሪክ ለማመን ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

በወጣትነታቸው ወደ ጁርጃን ሄደው ተምረው ሲመለሱ የደረሰባቸውም ይተረካል። መንገድ ላይ ሽፍቶች ያላቸውን ሁሉ ወሰዱባቸው። ወጣቱ ተከትለው፣ የደርስ ማስታወሻዬን ብቻ መልሱልኝ ብለው ለመኑ። አለቃው ሳቀባቸው፤ ወረቀት ሲወሰድብህ ባዶ የምትቀር ከሆነ ምኑን ተማርከው የሚል ነገር ተናገራቸው። ማስታወሻውን መለሰላቸው። ወጣቱ ግን ጡስ ሲገቡ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጠው ሁሉንም በቃላቸው ያዙት። ልብ በሉ፣ እኚህ ሰው ችግር የማይችሉ፣ ሥራ የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። ኋላ የሚሆነውን ለመረዳት ይህን መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ ነይሳቡር ሄደው ከኢማሙል ሐረመይን አል-ጁወይኒ ተማሩ። ሸይኻቸው በ478 ዓ.ሂ. (1085) ሲሞቱ የሰልጁቅ መንግሥት ታላቅ ወዚር የነበረው ኒዛሙል ሙልክ ዘንድ ገቡ። ወዚሩ በየከተማው ኒዛሚያ የሚባሉ መድረሳዎችን ያቋቋመ ሰው ነው። በሱ መጅሊስ ዑለማኡ ይከራከሩ ነበር፣ ወጣቱ ገዛሊም ያሸንፉ ነበር። በ484 (1091) የባግዳድ ኒዛሚያ ሙደሪስ አድርጎ ሾማቸው። በሂጅራ አቆጣጠር ገና 34 ዓመታቸው ነው። ባግዳድ ሲገቡ የለበሱትና የተቀመጡበት ከብት ተገምቶ 500 ዲናር አወጣ ይባላል።

አሁን የባግዳዱን ጫና እንቁጠረው። ሦስት መቶ ተማሪ ነበራቸው፤ ቁጥሩን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። የሸሪዓ ደርስ ይሰጣሉ፣ ፈትዋ ይጠየቃሉ፣ ይጽፋሉ። ከዚህ በተረፈችው ጊዜ ደግሞ ያለ አስተማሪ፣ ብቻቸውን የፈላስፎችን መጻሕፍት ያነቡ ነበር። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አንብበው፣ አንድ ዓመት ያህል አሰላስለው፣ ለፈላስፎቹ የሰጡትን ታዋቂ መልስ «ተሃፉት»ን በ488 መጀመሪያ ጨረሱ። ኸሊፋው አል-ሙስተዝሂር በባጢኒያ አንጃ ላይ መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዛቸው፤ ያንንም ጻፉ። በዚህ መሃል አገር ታምሷል። ደጋፊያቸው ኒዛሙል ሙልክ በ485 ረመዷን (1092) ተገደለ፤ ሱልጣን መሊክሻህም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ወራሾቹ ይዋጉ ጀመር። ሙደሪሱ ግን በየቀኑ መቀመጫቸው ላይ መገኘት አለባቸው።

ይህን ሁሉ እያደረጉ ወደ ውስጣቸው ተመለከቱ። የወደቁበትን ቀውስ ኋላ «አል-ሙንቂዝ» በተባለው መጽሐፋቸው ያለ ሃፍረት ጽፈውታል። ከሥራዬ ሁሉ የተሻለው ማስተማሬ ነው ብለው ስለነበር ምርመራውን ከሱ ጀመሩ። የሚያስተምሩት ለአኺራ መንገድ እምብዛም የማይጠቅም ሆኖ አገኙት። ኒያቸውን ሲፈትሹም የሚያንቀሳቅሳቸው ክብርና ዝና መሆኑን ተረዱ። ሊናድ በተቃረበ ገደል አፋፍ ላይ የቆሙ ያህል ተሰማቸው።

ከረጀብ 488 (ጁላይ 1095) ጀምሮ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ሲዋልሉ ቆዩ። ጠዋት ሁሉን ትቼ እሄዳለሁ ብለው ይቆርጣሉ፤ ማታ ነፍሳቸው ይህን የመሰለ ያልተነካ ክብር ትተህ ብትጸጸት መመለሻ የለህም እያለች ታፈርሰዋለች። አንድ እግር ወደፊት፣ አንድ እግር ወደኋላ። ሥራ መልቀቅን ለወራት ሲያወጣ ሲያወርድ የከረመ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በኋላ ምርጫው ከእጃቸው ወጣ። ምላሳቸው ታሰረ። የሚመጡትን ተማሪዎች ልብ ላለመስበር አንድ ቀን እንኳ ላስተምር ብለው ራሳቸውን አስገደዱ፣ ምላሳቸው አንዲት ቃል አላወጣም። ከዚያ በልባቸው ላይ ሐዘን ወደቀ፤ ሐዘኑ ወደ ሆዳቸው ወረደ። ምግብ አልወርድ፣ የወረደውም አልፈጭ አለ፤ አቅማቸው ደከመ። ሐኪሞች መጥተው መረመሯቸው። ነገሩ ከልብ የተነሳና ወደ አካል የተዛመተ ነው፣ ልብ ካላረፈ በቀር በመድኃኒት አይድንም ብለው ተስፋ ቆረጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከሥራ ጫና ስለሚመጣ መዛል ብዙ ይናገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች መዘርዝሩ ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አካቶታል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ሄጄ ለኢማሙ የበሽታ ስም ማውጣት አልፈልግም፤ እሳቸው ያዩት የኒያ ጉዳይ አድርገው ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የኢስላም ማስረጃ የሚባሉት ሰው፣ ሑጀቱል ኢስላም፣ ታመው ሐኪም አይቷቸዋል፤ ይህንንም አልደበቁም። የዛለን አስተማሪ ኢማንህ ደክሞ ነው ለማለት የምንቸኩል ሰዎች ምላሳችንን ብንይዝ ይሻለናል። ሁለተኛ፣ ኒያቸውን የመረመሩት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም አልመረመረላቸውም። ደሞዙ ወር የማያደርሰውን፣ በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ልጅ የታጨቀበትን መምህር ኒያህን አስተካክል ብሎ ማለፍ የገዛሊን ታሪክ በተሳሳተ ቦታ መጥቀስ ነው። ያንን መምህር መጀመሪያ በሚቻለው ማገዝ ነው።

ኢማሙ አቅም ሲያጡ ወደ አላህ ሸሹ፤ መውጫ እንደሌለው ሰው ለመኑ። አላህም ክብሩን፣ ገንዘቡን፣ ልጅና ጓደኛን ትቶ መሄዱን ለልባቸው አቀለለላቸው። አካሄዳቸው ግን እንደ ብስጩ ሰው አልነበረም። ገንዘባቸውን ሲያከፋፍሉ ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀሩ። በኒዛሚያ ወንድማቸው አሕመድ ተክተዋቸው አስተማሩ። ለሕዝቡ ወደ መካ እሄዳለሁ አሉ፤ በልባቸው ያሰቡት ሻም ነበር፣ ኸሊፋውና ወዳጆቻቸው ሻም ሊቀሩ መሆኑን ቢያውቁ እንደማይለቋቸው ስለገባቸው። በዙልቃዕዳ 488 ከባግዳድ ወጡ።

የኢራቅ ሰው ሊገባው አልቻለም። ያ ወንበር የዲን የመጨረሻው ማዕረግ መስሎ ስለሚታየው፣ ለዲን ብሎ እሱን የሚተው ሰው አለ ብሎ ማሰብ ከበደው። ሩቅ ያሉት ባለሥልጣን ፈርተው ነው አሉ። ባለሥልጣናቱ እንዴት እንደሚለማመጧቸው በቅርብ ያዩት ደግሞ ሌላ ምክንያት ሲያጡ ነገሩን ለዐይን ሰጡት፤ የዒልም ሰዎችን ዐይን በላቸው ተባለ። የእኛ ሰፈር ሰው ብቻ እንዲህ የሚል ይመስላችሁ ነበር?

በሻም ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቆዩ። በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ ሚናራ ላይ ይወጡና በሩን በላያቸው ላይ ዘግተው ቀኑን ይውሉ ነበር። ሥራቸው ኸልዋ፣ ዚክር፣ ነፍስን መታገል ብቻ ሆነ። በይተል መቅዲስም ሄደው በቁበቱ ሰኽራ በራቸውን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ኸሊል ከተማ፣ በነቢዩ ኢብራሂም ዐለይሂ ሰላም መቃብር ዘንድ፣ ሦስት ነገር ለራሳቸው ቃል ገቡ፦ ከሱልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ሱልጣን ፊት ላይቀርቡ፣ በሙናዘራ ከማንም ጋር ላይከራከሩ። ሦስቱን አስተውሏቸው። ባግዳድ ላይ ያደከማቸውን ነገር አንድ በአንድ የሚዘጉ ናቸው። ደርስን ግን አልማሉበትም። አልሰጥም ያሉት ለገንዘቡ፣ ለደጃፉና ለጉራው ነው። ከዚያ ሐጅ አደረጉ።

ሚናራው ላይ ቀሩ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። የልጆቻቸው ናፍቆትና ጥሪ ወደ አገር መለሳቸው። በ490 (1097) በባግዳድ አልፈው ሳለ ከአንደሉስ የመጣው ወጣት ተማሪ አቡበከር ኢብኑል ዐረቢ አግኝቷቸዋል። የት ተቀምጠው መሰላችሁ? ከኒዛሚያ ፊት ለፊት ባለ አንድ የሱፊዮች ማረፊያ ውስጥ። ሦስት መቶ ሰው ያስተማሩበት ደጅ ከመንገዱ ማዶ ይታያቸዋል፤ እሳቸው ግን በዚህኛው ወገን ተቀምጠው ለሚመጣ ሰው አዲሱን ኪታባቸውን ያሰማሉ። ያኔ የለበሱት ሲገመት 15 ቂራጥ አወጣ ይባላል።

ከዚያ ጡስ ገቡ። እዚያም ኸልዋው እንዳሰቡት አልጠራላቸውም። የጊዜው ሁከት፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ የኑሮ ግዴታ ይረብሻቸው ነበር። የጠራ ጊዜ የሚያገኙት አልፎ አልፎ እንደነበር ጽፈዋል፤ ቢሆንም ተስፋ አልቆረጡም፣ ጉዳዩ ሲገፋቸው ይሄዳሉ፣ ሲለቃቸው ይመለሳሉ። ለእኔ ከሚናራው ታሪክ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል። ሚናራ ያለው ሰው ስንት ነው? ከልጅ ለቅሶና ከቤት ኪራይ መሃል ግማሽ ሰዓት ሰርቆ ወደ ራሱ የሚመለስ ግን ሁላችንም መሆን እንችላለን።

«ኢሕያእ» የተጻፈው በነዚህ ዓመታት ነው፤ አርባ ኪታቦች፣ በአራት ክፍል። በውስጡ ያሉ አንዳንድ ሐዲሶች ደካማ መሆናቸውን ዑለማእ ተናግረዋል፤ ሓፊዝ አል-ዒራቂ አንድ በአንድ መርምሯቸዋል፣ ስታነቡ የሱን ማብራሪያ ይዛችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ኪታብ ስለ ዒልም ነው። እዚያ የአስተማሪን ግዴታዎች ሲዘረዝሩ ቀዳሚ ያደረጉት ለተማሪ እንደ ልጅ ማዘንን ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲጽፉ ደግሞ ልጅ ከመድረሳ ሲወጣ እንዲጫወትና ከትምህርት ድካም እንዲያርፍ ያዝዛሉ፤ ጨዋታ ተከልክሎ ሁሌ ትምህርት ብቻ የሚጫንበት ልጅ ልቡ እንደሚሞትና ትምህርቱን ማምለጫ እንደሚፈልግለት ያስጠነቅቃሉ። ይህን የጻፈው እጅ ባግዳድ ላይ የልብን መሞት ያየ ሰው እጅ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዓመታት አለፉ። በ499 (1106) የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ወዚር ፈኽሩል ሙልክ በነይሳቡር ኒዛሚያ እንዲያስተምሩ አጥብቆ ጠየቃቸው። ይህ የታሪኩ ከባድ ቦታ ነው። ኢማሙ እምቢ ለማለት ምክንያት አላጡም ነበር። ግን አሁንም ራሳቸውን መረመሩ፣ የዚህ ጊዜው ምርመራ በተቃራኒው ወጣ። ቤት ተቀምጬ የምቀረው ለስንፍና፣ ለምቾት፣ ክብሬን ለመጠበቅና ከሰው ነገር ለመዳን ከሆነስ ብለው ፈሩ። አንድ ጊዜ ያዳናቸው ዕረፍት ራሱ መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል አዩ። ሷሊሕ ሰዎችን አማከሩ፣ ሁሉም ውጣ አሏቸው። በየምዕተ ዓመቱ መጀመሪያ ዲንን የሚያድስ እንደሚነሳ የተነገረውንም አሰቡ፤ 500 ዓመተ ሂጅራ ሊገባ ወራት ቀርተውት ነበር። በዙልቃዕዳ ወደ ነይሳቡር ሄዱ። ከባግዳድ የወጡትም በዙልቃዕዳ ነበር፤ በመካከሉ 11 ዓመት።

ወደ ማስተማር ቢመለሱም እንዳልተመለሱ ጽፈዋል። ማለታቸው፣ ያኔ ክብር የሚገኝበትን ዒልም ያስተምሩ ነበር፣ አሁን ክብር የሚተውበትን ነው። የዚህ ምስክር አለን። ዐብዱል ጋፊር አል-ፋሪሲ የሚባሉ የነይሳቡር ዓሊም በሁለቱም ዘመን ያውቋቸው ነበር። ቀድሞ ሰውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ፣ በችሎታቸው የሚኮሩ፣ አንደበታቸው ሸካራ እንደነበሩ ሳይሸፋፍኑ ይናገራሉ። ከተመለሱ በኋላ ያዩትን ትሕትና መጀመሪያ ማስመሰል መስሏቸው ነበር። ደጋግመው እየጎበኙ መረመሩ፤ በመጨረሻ እውነት ሆኖ አገኙት። ተቃዋሚዎች ተነስተው ስማቸውን ሲያጠፉ ኢማሙ መልስ በመስጠት አልተጠመዱም ይላሉ።

ሙደሪስነቱም በዚያው አልቀጠለም። ፈኽሩል ሙልክ ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። ኢማሙ ወደ ጡስ ተመልሰው ከቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ፣ ለሱፊዮች ደግሞ ማረፊያ ሠሩ። ቀናቸውን ከፋፈሉት፦ ቁርአን ማኽተም፣ ከልብ ሰዎች ጋር መቀመጥ፣ ደርስ። በ503 መጀመሪያ «አል-ሙስተስፋ» የተባለውን የኡሱል ኪታብ ጨረሱ፤ የጻፉትም ተማሪዎች ስለጠየቋቸው ነው። የባግዳዱ ወንበር እንደገና ቀረበላቸው፣ አልተቀበሉም። ኸሊል ላይ የገቡትን ቃል ምክንያት አድርገው ጻፉ፤ ጡስ ያሉትን ተማሪዎችና ቤተሰባቸውንም አነሱ። በሸሪዓ ያበረከቱትም አልተቋረጠም፤ ኋላ የሻፊዒው ሊቅ አር-ራፊዒ «ወጂዝ» የተባለ ኪታባቸውን በሰፊው አብራርተዋል። ዛሬ በአገራችን ሐለቃዎች የሚቀራው የነወዊ «ሚንሃጅ» ደግሞ የራፊዒ «ሙሐረር» አጭር ቅጂ ነው።

በመጨረሻ ዕድሜያቸው ቡኻሪንና ሙስሊምን ለመማር ተቀመጡ። ሦስት መቶ ሰው ያስተማሩት ሙደሪስ እንደ ጀማሪ ሐዲስ ሊሰሙ ቁጭ አሉ።

የሞታቸውን ነገር ወንድማቸው አሕመድ እንደነገሩ ተላልፎልናል። ቀኑ ሰኞ፣ ጁማደል ኣኺር 14፣ 505 ዓ.ሂ. (ዲሴምበር 18፣ 1111) ነበር። ሱብሒ ላይ ዉዱእ አድርገው ሰገዱ። ከፈናቸውን አምጡልኝ አሉ፣ ተቀብለው ሳሙትና ዐይናቸው ላይ አደረጉት። እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ፣ ፀሐይ ጎላ ሳትል አረፉ። 55 ዓመታቸው ነበር። ከኋላቸው ሴት ልጆቻቸውን ትተው፣ እዚያው ጡስ፣ ጦበራን በሚባለው ክፍል ተቀበሩ። ረሒመሁላህ።